ስለ ንብ ንድፊያ አደጋ፤ መርዙም በራሱ በመርዙ ስለሚታከምበት ጥበብ

በአገራችን ቀፎ የማይሰቀልበት ወረዳ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከአፍሪቃ አገሮች ሁሉ ብዙ ማር የሚቆረጥባት ኢትዮጵያ መሆኗም የታወቀ ነው። ስለዚህ በየወረዳው ላሉ የእርሻ ሹማምንት ስለ ቀፎ አሠራር፥ ስለ ንብ ቀሰም፥ ስለ ማር አጣራርና ስለ ሰም አቀላለጥ ብዙ ጊዜ ይጻፍላቸዋል። ስለ ንድፊያ ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው። ንብ መንደፏ ተፈጥሮዋ ነው፤ ንብ አናቢም መነደፉ የሥራው ግብር ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህ አባባል ለብዙው ሰው እውነት ነው፤ ለጥቂቱ ሰው ግን ሞትን የሚያመጣ ስሕተት ነው። እንዲህ ያለው ሰው በአንዲት ንብ ተነድፎ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላልና።

ይህን ሰው ንብን ትቶ እንዲሸሽ ከመምከር በቀር ሌላ የሚደረግለት ነገር የለም የሚለውም አሳብ ዛሬ ትክክል አይደለም። መርዙን በጥቂት በጥቂቱ እየሰጡ ሰውነትን የሚያስለምዱበት ሕክምና ተገኝቶአል። ለዚሁ የተዘጋጀው መርዝ በአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ያገኘው በ1979 ሲሆን፥ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) የወረዳ ሹም ሐኪም ይሁን አይባልም፤ ዳሩ ግን ቀፎ የሚያድል እጅ፥ ቀፎው የሚያመጣውን አደጋና የአደጋውን መድኃኒት ማወቅ ይገባዋል።

አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሰው ሁሉ አደባልቆ «ንብ ነደፈው» ብሎ ይናገራልና።

የመጀመሪያው ማንም የሚያውቀው ሕመም ነው። የተነደፈው ስፍራ ያቃጥላል፥ ይቀላል፥ ያብጣል፤ በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ይተዋል። አንዳንዱ ሰው ጣቱን ተነድፎ እስከ ክርኑ ድረስ ያብጥበታል፤ ይህም ለሚያየው የሚያስፈራ ነው፤ ነገር ግን እብጠቱ ከተነደፈው ስፍራ ጋር ተያይዞ እስካለ ድረስ፥ ንድፊያውም በአፍ ውስጥ ወይም በጉሮሮ ካልሆነ፥ ነፍስን የሚያሠጋ አይደለም።

ሁለተኛው በመርዝ ብዛት የሚመጣው ነው። ቀፎ ወድቆ ወይም ተገልብጦ መንጋው በአንድ ጊዜ ቢወርድበት፥ በብዙ መቶ ንብ የተነደፈ ሰው አለርጂ ባይኖርበትም እንኳ መርዙ ደሙንና ኩላሊቱን ጎድቶ ሊገድለው ይችላል። በቀፎ አጠገብ የታሰረ በቅሎ ወይም አህያ ማምለጥ አቅቶት የሚሞተው በዚህ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ የመርዙ ልክ ነው፤ ማንም ፍጡር አይቋቋመውም።

ሦስተኛው ጽሑፋችን የሚመለከተው ነው። መርዙ ያው የአንዲት ንብ መርዝ ነው፤ ልዩነቱ በተነደፈው ሰው ሰውነት ነው። ምልክቱም ከተነደፈው ስፍራ ርቆ መታየቱ ነው። እግሩን ተነድፎ ፊቱ የሚያብጥ፥ ገላው ሁሉ ሳማ እንደ ነካው ተንደብድቦ የሚያሳክከው፥ ከንፈሩና የዓይኑ ቆብ የሚያብጥ፥ ድምፁ የሚጎረንን፥ ደረቱ እየተፈነ የሚያፏጭ፥ ሆዱን ቆርጦት የሚያስመልሰው፥ ዓይኑ ጨልሞበት የሚወድቅ ሰው፥ እርሱ የዚህ ደዌ ሰው ነው። ሐኪሞች ይህን አናፊላክሲስ ይሉታል። ከእነዚህ ምልክቶች ሁሉ የሚያስፈራው የእስትንፋስ ማጠርና የመዝለፍለፍ ነገር ነው። አንዳንዴ ሽፍታው ከቶ ሳይታይ ሰውየው በድንገት ይወድቃል፤ ስለዚህ «ገላው ደኅና ነው» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ስለ መርዙ ጥቂት እንናገር። አንዲት ንብ በአንድ ንድፊያ ከ50 እስከ 140 ማይክሮግራም የሚደርስ መርዝ ትሰጣለች። ማይክሮግራም ማለት አንድ ግራም በሚሊዮን ተከፍሎ አንዱ እጅ ነው። ከደረቁ መርዝ እኩሌታው ያህል ሜሊቲን የተባለ ነገር ነው፤ የሚያቃጥለውና የደምን ሕዋስ የሚያፈርሰው እርሱ ነው። ከአሥር አንድ እጅ የሚያህለው ደግሞ ፎስፎሊፔዝ ይባላል፤ አለርጂ ያለበት ሰው ሰውነት ከሁሉ ይልቅ የሚጣላው ከዚህኛው ጋር ነው። ንብ እንደ ነደፈች መንደፊያዋ ከመርዝ ከረጢቱ ጋር ተነቅሎ በሰው ቆዳ ላይ ይቀራል፤ ከረጢቱም ንቢቱ ከሄደች በኋላ ብቻውን መርዙን መግፋቱን አይተውም። መርዙ ከመቶ ዘጠናው እጅ የሚገባው በ20 ሴኮንድ ውስጥ መሆኑ ተለክቶ ታውቆአል።

በብዙ መጽሐፍ መንደፊያውን በቢላዋ ጫፍ መፋቅ እንጂ በጣት ቆንጥጦ መንቀል አይገባም ተብሎ ይጻፍ ነበር። በ1996 ቪሸር፥ ቬተርና ካማዚን የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ይህን በራሳቸው ገላ ላይ ፈትነው፥ የአወጣጡ ዘዴ ልዩነት እንደማያመጣ፥ ልዩነት የሚያመጣው ፍጥነት ብቻ እንደ ሆነ አሳይተዋል። ቢላዋ ሲፈለግ መርዙ ገብቶ ያልቃል። ስለዚህ በጣትም ሆነ በጥፍር፥ ቶሎ የነቀለ እርሱ ደኅና አድርጎአል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ብዙ መርዝ ብዙ ጉዳት፥ ጥቂት መርዝ ጥቂት ጉዳት ማድረጉን ሰው ሁሉ ያውቃል። ጥቂቱ መርዝ ከብዙው ይልቅ የሚገድልበት ጊዜ እንዳለ የታወቀው ግን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ሪሼና ፖርቲዬ የተባሉ ሁለት ፈረንሣውያን በ1901 ከሞናኮው መስፍን ከቀዳማዊ አልበርት ጋር በመርከብ ሄደው የሚነድፉ የባሕር ፍጥረቶችን መርዝ ይመረምሩ ነበር። ወደ አገራቸውም ተመልሰው ውሾችን በባሕር አበባ መርዝ ፈተኑ። አሳባቸው ለውሻው ጥቂት መርዝ ሰጥተው ሰውነቱን ለማጠንከር ነበር። ነገሩ ግን ተገለበጠ። መጀመሪያ ጥቂት መርዝ ተቀብሎ ደኅና የነበረው ውሻ ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ እንደገና ጥቂት ቢሰጠው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሞተ። ሪሼ ይህን የተገለበጠ ነገር አናፊላክሲስ ብሎ ሰየመው፤ በግሪክ ቋንቋ የመጠበቅ ተቃራኒ ማለት ነው። ስለዚህም ሥራው በ1913 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። አለርጂ የሚለውንም ቃል በ1906 ያወጣው ፎን ፒርኬ የተባለ የቪየና ሐኪም ነው።

የነገሩ ምሥጢር የተገለጠው ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት በአሜሪካ፥ ዮሐንሰንና ቤኒክም በስዊድን ሆነው በ1960ዎቹ መጨረሻ በሰው ደም ውስጥ እጅግ ጥቂት የሆነ ልዩ ነገር አገኙ፤ ስሙም ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ ተባለ። ሰውነት ጠላት ነው ብሎ የቆጠረውን ነገር የሚለይበት ምልክት ነው። አንድ ሰው መጀመሪያ ሲነደፍ፥ ሰውነቱ ያለ አገባቡ ይህን ነገር በብዛት ካወጣ፥ በቆዳውና በአንጀቱ፥ በሳንባውም ውስጥ ባሉ አንዳንድ ሕዋሳት ላይ እንደ ተደገነ ወጥመድ ተቀምጦ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ሰውየው አንዳች አይሰማውም። ከወር ወይም ከዓመት በኋላ ሁለተኛ ሲነደፍ ወጥመዱ ሁሉ በአንድነት ይፈታል፤ ከሕዋሳቱም ሂስታሚንና ሌላም ብዙ ነገር ይፈስሳል። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፥ የደሙም ውኃ ወደ ሥጋው ይፈልቃል፤ ጉሮሮ ያብጣል፥ የሳንባ ቧንቧ ይጠብባል፥ የደም ግፊት ይወርዳል። ገዳዩ የንቢቱ መርዝ አይደለም፤ ሰውነቱ በራሱ ላይ የሚያነሣው ሁከት ነው።

ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው ንድፊያ ምንም አላደረገውም ማለት ሁለተኛው አያደርገውም ማለት አይደለም። በየመንደሩ «ንብ ይለመዳል፤ ደጋግሞ ቢነድፍህ ትቋቋመዋለህ» የሚባለው ምክር ሊመረመር የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ምክሩ ባዶ አይደለም። በዓመት ከ200 ጊዜ በላይ የሚነደፉ ንብ አናቢዎች በአብዛኛው ይህ ደዌ አያገኛቸውም፤ በደማቸው ውስጥ መርዙን ቀድሞ የሚይዝ ሌላ ተከላካይ በብዛት ይገኛልና። በዓመት ከ25 ጊዜ በታች የሚነደፉት ግን ከእነርሱ ይልቅ እጅግ ይጎዳሉ፤ ይህን በፈረንሣይ አገር ቡስኬና ጓደኞቹ በ1980ዎቹ ንብ አናቢዎችን መርምረው ጽፈውታል። እንግዲህ የሚያሠጋው አዲስ የጀመረው፥ ሁለትና ሦስት ቀፎ ብቻ ያለው፥ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ማር ሲቆርጥ ብቻ ከንብ ጋር የሚገናኘው ሰው ነው። በኤውሮፓ ጽሑፎች እንደሚነበበው ከንድፊያ የተነሣ መላ ሰውነቱ የሚታወክ አዋቂ ሰው ከሕዝቡ ከመቶ ከአንድ በታች እስከ ሰባት ተኩል ሲሆን፥ ከንብ አናቢዎች መካከል ግን ከመቶ ከ14 እስከ 43 ይደርሳል። ሚስቱና ልጆቹም በልብሱ ላይ በሚቀረው የመርዝ ትቢያ ምክንያት ሰውነታቸው ለአለርጂ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ስለዚህ የማር መቁረጫ ልብስ በቤት ውስጥ መስቀል ጥሩ ልማድ አይደለም።

ደዌው አንድ ጊዜ የታየበትን ሰው ግን «ልመደው» ብሎ ወደ ቀፎ መመለስ የሰውን ነፍስ በዕጣ መጣል ነው። መላመድ አለ፤ ነገር ግን የሚላመደው በሐኪም እጅ፥ በተለካ መርዝ ነው።

መርዝን በጥቂቱ እየወሰዱ መላመድ የሚለው አሳብ ጥንታዊ ነው። የጶንጦስ ንጉሥ ሚትሪዳጤስ ጠላቶቹ በመርዝ እንዳይገድሉት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርዝ ይቀምስ እንደ ነበር በታሪክ ይነገራል። አለርጂን በዚህ መንገድ በመርፌ ማከም የጀመረው ግን ሊዮናርድ ኑን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። እርሱም በ1911 በለንደን በቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሣር አበባ ብናኝ የሚያስነጥሳቸውንና ዓይናቸውን የሚያስለቅሳቸውን ሰዎች የዚያኑ ብናኝ ጭማቂ እየጨመረ በመውጋት እንዲታገሡት አደረገ። ኑን በብናኙ ውስጥ መርዝ አለ ብሎ ያምን ነበር፤ ይህ አሳቡ ልክ አልነበረም፤ ሕክምናው ግን ሠራ። እርሱ በወጣትነቱ ሲሞት ፍሪማን የተባለው ባልንጀራው ሥራውን ቀጠለበት።

ይህ ዘዴ ወደ ንብ በተሻገረ ጊዜ ግን ሐኪሞች መንገድ ሳቱ። በ1930 ቤንሰንና ሴሜኖቭ የተባሉ የአሜሪካ ሰዎች አንድ አለርጂ ያለበትን ንብ አናቢ መርምረው፥ የሚጎዳው ነገር በመርዙ ብቻ ሳይሆን በንቢቱ ገላ ሁሉ ይገኛል ብለው ጻፉ። ከዚህም የተነሣ መላዋን ንብ ፈጭቶ ጭማቂዋን መውጋት የተለመደ ሕክምና ሆነ። መርዙን ብቻ ለይቶ ማውጣት አድካሚ ነበረ፤ ንብ መፍጨት ግን ቀላል ነው። ይህም ወደ ሃምሳ ዓመት ያህል ሲሠራበት ኖረ። ሐኪሞችም በሽተኞቻቸው እንደ ዳኑ ይመሰክሩ ነበር፤ በሽተኞቹም ያመሰግኑ ነበር።

ይህን የተቃወመች አንዲት ሴት ነበረች። ሜሪ ላቭለስ የተባለች የኒው ዮርክ ሐኪም ተርቦችን ይዛ፥ የመርዝ ከረጢታቸውን በገዛ እጅዋ እያወጣች፥ ሊሠራበት የሚገባው ጥሩው መርዝ ነው ብላ በ1950ዎቹ ጻፈች። የመዳኑንም ነገር በበሽተኛው ቃል ሳይሆን ተርቡን አስነድፋ ትፈትን ነበር። ብዙዎች አልሰሟትም።

በዚያ ጊዜ የጎደለው መርዙን በብዛት የማግኘት ዘዴ ነበረ፤ ይህም ከንብ እርባታ ሰዎች መጣ። በ1963 ቤንተን፥ ሞርስና ስቲዋርት ንቦችን ሳይገድሉ መርዝ የመሰብሰቢያ ዘዴ ጻፉ። በቀፎ በር ላይ ቀጭን ሽቦ ይዘረጋል፤ ደካማ ኤሌክትሪክም ይሰደድበታል። ንቦቹ ሲነዝራቸው ተቆጥተው ከሽቦው በታች ያለውን ስስ ጨርቅ ይነድፋሉ፤ ጨርቁ እንደ ሰው ቆዳ መንደፊያውን አይዝምና ንቢቱ አትሞትም። መርዙም ከጨርቁ በታች ባለው መስተዋት ላይ ይደርቃል፥ ይፋቃልም። ንብ አናቢ ለሐኪም ያበረከተው ስጦታ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሊክተንስታይንና ጓደኞቹ በ1974 በተፈጨ ንብ ታክሞ ያልዳነ አንድ በሽተኛ በጥሩ መርዝ እንደ ዳነ አስታወቁ። የአንድ ሰው መዳን ግን ማስረጃ አይሆንምና፥ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ፈተና በሰፊው ሊነገር ይገባዋል። ውጤቱም በ1978 በነሐንት ስም ታትሞአል።

አለርጂ ያለባቸውን ስድሳ ያህል ሰዎች በሦስት ከፈሉአቸው። ለአንደኛው ክፍል ጥሩውን መርዝ፥ ለሁለተኛው የተፈጨውን ነፍሳት ጭማቂ፥ ለሦስተኛው መድኃኒት የሌለበት መርፌ ሰጡ። ጥቂት ሳምንታት ከታከሙ በኋላ ሐኪሞችና የነፍስ ማዳኛው መድኃኒት ባሉበት ሕያው ነፍሳት አምጥተው አስነደፏቸው። መድኃኒት የሌለበትን መርፌ ተወግተው ከተነደፉት 12 ሰዎች 7ቱ መላ ሰውነታቸው ታወከ። የተፈጨውን ጭማቂ ከተወጉት 11 ሰዎችም 7ቱ ታወኩ። ጥሩውን መርዝ ከተወጉት 18 ሰዎች መካከል የታወከው 1 ብቻ ነበረ።

አንባቢ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ልብ ብሎ ይመልከት። መድኃኒት ከሌለበት መርፌ ጋር ሲነጻጸር የተፈጨው ንብ አንዳች ጥቅም አልነበረውም። ታዲያ ሐኪሞቹ ለሃምሳ ዓመት የመሰከሩት መዳን ከወዴት መጣ? መልሱ በዚያው በ12ቱ ሰዎች ቁጥር ውስጥ አለ፤ ምንም ሳይሰጣቸው 5ቱ ሲነደፉ አልታወኩም። አንድ ጊዜ የታወከ ሰው በሚቀጥለው ንድፊያ ሁልጊዜ አይታወክም። ሐኪሙ ግን መርፌውን ሰጥቶ ሰውየው ደኅና ሲሆን ሲያይ መድኃኒቴ አዳነው ይላል። የሚያመዛዝነው ሌላ ወገን ስላላቆመ ሃምሳ ዓመት አላወቀም። (በእርሻም ቢሆን አንድን ማዳበሪያ ወይም አዲስ ቀፎ ጥሩ ነው ብለን ከመጻፋችን በፊት፥ ያልተሰጠው ባላገር በዚያው ዓመት ምን እንዳገኘ ብንጠይቅ ደግ ነበር።)

የሕክምናው አሠራር እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሰውየው ከተነደፈ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ይጠበቃል፤ ወዲያው ቢመረመር ምልክቱ ሊሰወር ይችላልና። ከዚያ በቆዳው ላይ እጅግ የቀጠነ መርዝ ተጠቅጥቆ ወይም ደሙ ተመርምሮ፥ የሚጣላው ከንብ ወይስ ከተርብ መርዝ ጋር እንደ ሆነ ይለያል። የተነደፈው ስፍራ ብቻ ለሚያብጥበት ሰው ሕክምናው አያስፈልገውም። መላ ሰውነቱ ለታወከ፥ ይልቁንም እስትንፋሱ ላጠረ ወይም ለተዝለፈለፈ ሰው ግን ይገባዋል። መርፌው ከማይክሮግራም ክፋይ ወይም ከአንድ ማይክሮግራም በማይበልጥ ይጀመራል፤ በየሳምንቱም እየጨመረ ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ 100 ማይክሮግራም ይደርሳል። ይህም የሁለት ንብ ንድፊያ ያህል ነው። በሆስፒታል ተኝቶ በጥቂት ቀን የሚደረስበትም መንገድ አለ። ከዚያ በኋላ ያንኑ ልክ በየአራት ሳምንቱ፥ ቆይቶም በየስድስትና በየስምንት ሳምንቱ ይወጋል። ጠቅላላው ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው። ከንብ ሥራው የማይለይ ሰው ግን ከሥራው ጋር ሳለ እንዲቀጥል ይመከራል። በ100 ማይክሮግራም ያልተጠበቀ ሰውም፥ ይልቁንም ንብ አናቢ፥ እስከ 200 ከፍ ሊደረግለት ይችላል።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነውም ይህ ነው። ቀስ እያለ የሚጨምረው መርዝ ቍጡውን የሰውነት ሠራዊት የሚያበርዱ ሕዋሳትን ያስነሣል። ከዚህም ጋር ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ አራት የተባለው ተከላካይ በደም ውስጥ ይበዛል፤ እርሱም መርዙ ከተደገነው ወጥመድ ሳይደርስ ቀድሞ ይይዘዋል። በሁለት መቶ ንድፊያ የተላመደው አሮጌ ማር ቆራጭ በደሙ ያለውም ይኸው ነው። ሐኪሙ የሚያደርገው ተፈጥሮ በዕድል የሚያደርገውን በልክ ማድረግ ነው።

የሕክምናውን ወሰን ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል። የተርብ መርዝ ሕክምና ከመቶ ከ91 እስከ 96 ሰዎችን ሲጠብቅ፥ የንብ ግን ከ77 እስከ 84 ይጠብቃል፤ መርፌውም የሚያስከትለው ችግር በንብ ይብሳል። ያልተጠበቁትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ከቀድሞው ቀለል ያለ ሁከት ነው የሚያገኛቸው። መርፌው ራሱ አናፊላክሲስን ሊያመጣ ስለሚችል ሰውየው ከተወጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሐኪሙ ፊት አይለይም። አስሙ ያልተገታ ሰው አይጀምረውም። ልኩ 100 እስኪደርስ ድረስም ከቀፎ መራቅ አለበት። እንግዲህ ይህ በባለሙያ ሐኪም በታላቅ ሆስፒታል የሚሠራ ነገር ነው፤ መርዙም ቀዝቃዛ ማከማቻ ይፈልጋል። የወረዳ ጤና ጣቢያ ሥራ አይደለም። ከዚህ ጽሑፍ ጥቂት አንብቦ አንዲት ንብ በእጁ ይዞ አለርጂ ያለበትን ሰው «ጥቂት በጥቂት» እያስነደፈ ለማከም የሚነሣ ቢኖር ገዳይ ይሆናል፤ አንዲት ንብ የምትሰጠው መርዝ ሐኪሙ ከሚጀምርበት ልክ ከመቶ ጊዜ በላይ ሊበልጥ ይችላልና።

ሕክምናው ከሩቅ ስፍራ ሲሆን፥ በወረዳው ሊደረግ የሚገባው ምንድን ነው? በ2000 ፓምፍሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በዚህ ደዌ የሞቱትን ሰዎች ታሪክ መርምሮ፥ በንድፊያ የሞቱት ልባቸው ወይም እስትንፋሳቸው የቆመው በመካከለኛ ቁጥር በ15 ደቂቃ ውስጥ መሆኑን ጽፎአል። ጤና ጣቢያው በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድበት መንደር ለዚህ ቁጥር መልስ የለውም። ስለዚህ ንብ በሚበዛበት ቀበሌ ሁሉ አድሬናሊን በቅርብ እንዲገኝ፥ የጤና ሠራተኛውም እንዲያውቅበት ከጤና ሹሞች ጋር መነጋገር የእርሻ ሹምም ሥራ ነው። ቀፎ ለማደል የምናወጣው ገንዘብ አለ፤ ከዚያው ላይ ለዚህ ጥቂት ማትረፍ የሚያስቸግር አይመስለኝም።

አድሬናሊን የደም ሥርን ያጠብባል፥ የሳንባን ቧንቧ ይከፍታል፤ ለዚህ ደዌ ቀዳሚው መድኃኒት እርሱ ነው። የጤና ሠራተኛው በጭን ውጫዊ ጎን በሥጋው ውስጥ ይወጋዋል፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም፥ ለሕፃን በክብደቱ ልክ ለአንድ ኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው። ካልተሻለው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይደገማል። የማሳከክ ክኒን ማሳከኩን ያበርዳል እንጂ ነፍስን አያድንም፤ ክኒን ሰጥቶ መርፌውን ማዘግየት ብዙ ሰው ገድሎአል። መድኃኒቱ ከፀሐይና ከሙቀት ይጠበቅ፤ ቀለሙ ከተለወጠ ይጣል። የተዝለፈለፈው ሰው እግሩ ከፍ ብሎ በጀርባው ይተኛ፤ እስትንፋስ ያጠረው ብቻ ተደግፎ ይቀመጥ። ከተኛበት በድንገት ቀና የተደረጉ ሰዎች ወዲያው እንደ ሞቱ ያው ፓምፍሪ ጽፎአል፤ ስለዚህ «ተነሥ፥ አይዞህ» እያሉ ማቆምና በእግር ማስኬድ ክልክል ነው፤ በቃሬዛ ይወሰድ። ከተሻለውም በኋላ ሁከቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላልና ጤና ጣቢያ ይቆይ። በተነደፈው ላይ ጭቃ ወይም ሽንኩርት መቀባት የለመደ ቢኖር አይጎዳም፤ ጊዜ እንዳይወስድ ብቻ ነው።

ስለ ዛፍ ቀፎም አንድ ቃል ልጨምር። በጨለማ በረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ማር የሚቆርጥ ሰው ደዌው ቢይዘው፥ ከመርዙ በፊት ውድቀቱ ይገድለዋል። አንድ ጊዜ የታወከ ሰው በዛፍ ላይ አይውጣ፤ ሌላውም ቢሆን ብቻውን አይሂድ፤ በታች የሚጠብቀው ሰው ይኑር። በመሬት ላይ የሚቀመጥ ዘመናዊ ቀፎ፥ የፊት መከለያና ማጨሻ ሲታደል በመጀመሪያ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ቢደርስ ተገቢ ነው።

አዲስ ቀፎ የሚቀበል ሰው ሁሉ በመዝገብ ሲጻፍ አንድ ጥያቄ ይጨመርለት፤ «እርስዎ ወይም ከቤተ ሰብዎ አንዱ በንብ ወይም በተርብ ተነድፎ ገላው ሁሉ ያሳከከው፥ እስትንፋስ ያጠረው ወይም የተዝለፈለፈ አለ?» ተብሎ ይጠየቅ። አለ የሚል ከሆነ ቀፎው ከመሰጠቱ በፊት ወደ ሐኪም ይላክ። በሚላክበትም ደብዳቤ ላይ የተነደፈበት ቀን፥ ከተነደፈ በስንት ደቂቃ እንደ ታመመ፥ ምን ምልክት እንደ ታየበት፥ ምን መድኃኒት እንደ ተሰጠው፥ መንደፊያው በቆዳው ላይ ቀርቶ እንደ ነበረና እንዳልነበረ ይጻፍ። መንደፊያዋን ትታ የምትሄደው ንብ ናት፤ ተርብ ብዙውን ጊዜ አይተውም። የነደፈችው ነፍሳት ሞታ ከተገኘችም በወረቀት ተጠቅልላ ከደብዳቤው ጋር ትላክ፤ ሐኪሙ የትኛውን መርዝ እንደሚመረምር ከእርስዋ ይረዳልና።